ሳይለካ አይበየድም

(ኮምቦልቻ፣ የአንድ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የብየዳ ወርክሾፕ፣ የምሳ ሰዓት፤ ተማሪዋ ጦይባ ለአባቷ መራመጃ በምትሠራው የብረት መደገፊያ ላይ ጎንበስ እንዳለች፣ መምህሯ አስናቀ አጎቷ በር ላይ የነገረውን መርዶ በሆዱ ይዞ ገብቷል።)

ጦይባ፦ አልሄድም ቲቸር። ነገ ፕሮጀክት ሊታይ ዛሬ ሐርቡ ቤት ምን ልሠራ እሄዳለሁ?

አስናቀ፦ አጎትሽ እንድሪስ መኪና ይዞ ቆሟል። ቤት ትፈለጋለች ነው ያለኝ።

ጦይባ፦ አጎቴ ሁሌም ችኩል ነው፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ በሉልኝ። ደግሞ እሱ ራሱ ገብቶ አይጠራኝም?

አስናቀ፦ ዘበኛው አላስገባውም።

ጦይባ፦ የኛ ዘበኛ? ፍየል ገብታ አትክልቱን ስትጨርስ ቆሞ የሚያይ?

አስናቀ፦ ዛሬ ጠንክሮበታል።

ጦይባ፦ ይሁን እንግዲህ። እርስዎስ ሳይበይዱ ጭንብል አጥልቀው የሚያናግሩኝ ምን ሆነው ነው?

አስናቀ፦ ዓይኔን የብየዳ ብርሃን መትቶታል። እንባ በእንባ አድርጎኛል።

ጦይባ፦ ለኛ ሲሆን "ያለ ጭንብል የበየደ ማታ እንቅልፍ የለውም" እያሉ ይቆጣሉ። ድንች ቆርጠው ያድርጉበት።

አስናቀ፦ አደርጋለሁ። አሁን ቱታሽን አውልቂና ተነሺ።

ጦይባ፦ ይቺን ሳልጨርስ? ሁሉም የየራሱን ሠርቶ ቁጭ ብሏል። አንዱ በር፣ አንዱ ምድጃ፤ የክፍላችን ሙሔ እንኳ በዚያ በማይቀና እጁ የዶሮ ቤት ሠርቶ ቀለም ቀብቷል። የኔዋ ብቻ እስካሁን በነጥብ ብየዳ ተይዛ ቀርታለች። ነገ አንዱ ገምጋሚ ክብደቱን ቢጥልባት እሱም ብረቱም መሬት ላይ ናቸው።

አስናቀ፦ ቀድመሽ ብትበይጃት ኖሮ እዚህ አትደርሺም ነበር። ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው።

ጦይባ፦ እርስዎ አይደሉ "ሳይለካ አይበየድም" ብለው ጆሯችንን ያደነቆሩት? በነጥብ የተያዘ ይፈታል፣ የተበየደ ግን ቢያጥርም ቢረዝምም መቆረጥ ነው ዕጣው ብለውናል። እኔ ምን ላድርግ፣ አባዬ ልኩ አልረጋ አለኝ። መጀመሪያ ስለካው እጀታው ወገቡ ላይ ነበር የሚያርፈው። ሠርቼ ይዤለት ስሄድ ጎብጧል። ፈታሁና አሳጠርኳት። መልሼ ስሄድ ደግሞ ባሰ።

አስናቀ፦ ስትለኪያቸው ምን ይሉሻል?

ጦይባ፦ ይስቃል እንጂ ምን ይላል። ባለፈው ሜትሩን ከኪሴ ሳወጣ "የምትለኪኝ ለመደገፊያው ነው ወይስ ለከፈኑ?" አለኝ። እናቴ መገነዣውን ሲጠራ ደንግጣ ተነስታ አፉን ያዘችው፤ እኔ ግን ሳቄ መጣ። እሱም እኔን አይቶ ሳቀ፣ ሳል እስኪይዘው። ምነው ወደ በሩ ዞሩ?

አስናቀ፦ አጎትሽ እንዳይሄድ ብዬ ነው።

ጦይባ፦ ቀልድ ነው እኮ ቲቸር። ሰው ሲታመም እንዲህ ነው የሚጫወተው።

አስናቀ፦ ገብቶኛል። ውጤቱ ከሆነ የሚያስጨንቅሽ፣ አልፈሻል። ሙሉውን እሰጥሻለሁ።

ጦይባ፦ እርስዎ? ብየዳው ላይ ለታየች አንዲት የመርፌ ቀዳዳ ሙሉ መስኮት ያስፈረሱኝ ሰውዬ?

አስናቀ፦ ልፋትሽን አይቻለሁ አልኩሽ።

ጦይባ፦ እኔ ደግሞ ለውጤት አይደለም የምለፋው። ጎረቤቱ ሁሉ "ሴት ልጅ ከእሳት ጋር ምን አላት" ሲል አባዬ ነው "እጇን ታበርታ፣ ተዉልኝ" ብሎ የላከኝ። አሁን እግሩ ከድቶት መስጊድ የሚሄደው ሁለት ሰው ተደግፎ ነው። ያፍራል። ሰው ጫማውን ሲያወልቅለት አንገቱን ነው የሚደፋው። ለጁምዓ በራስህ እግር ትሄዳለህ ብዬ ቃል ገብቼለታለሁ። ባዶ እጄን ገብቼ በምን ዓይኔ ላየው ነው?

አስናቀ፦ ቃልሽን ያውቁልሻል። ሂጂ አሁን።

ጦይባ፦ እንድሪስ ምን አለዎት?

አስናቀ፦ ትንሽ አመማቸው አለኝ።

ጦይባ፦ እሱማ የከረመ ነው። ትንሽ አመመው ተብሎ መኪና ይላካል እንዴ? ቆይ እናቴ ጋ ልደውል፤ ጠዋትም አላነሳችልኝም።

አስናቀ፦ ተዪው፣ ኔትወርክ የለም።

ጦይባ፦ አሁን ሙሔ እዚያ ማዶ ስልክ እያወራ አይደል? ቲቸር፣ ውሸት አይችሉበትም።

አስናቀ፦ አብሽሪ ጦይባ። እባክሽ ተነሺ።

ጦይባ፦ እሺ እንዲህ እናድርግ። ይቺን እንዳለች ይዣት ልሂድ። እዚያው ለክቼው አድርና በጠዋት መጥቼ እበይዳታለሁ። አጎቴ ከኋላ ይጫናት።

አስናቀ፦ አይሆንም። ብረቱ እዚህ ይቆይ።

ጦይባ፦ ለምን?

አስናቀ፦ መኪናው ሰው ሞልቷል።

ጦይባ፦ እኔን ሊወስድ የመጣ መኪና በማን ሞላ?

አስናቀ፦ በዘመድ ነው መሰለኝ።

ጦይባ፦ የምን ዘመድ?

አስናቀ፦ እኔ ሁሉንም አውቃቸዋለሁ? ነይ ውጪና እያቸው።

ጦይባ፦ ቁርጤን ልንገርዎት፤ አባዬን ሳልለካ ይቺን አልጨርስም፣ ይቺን ሳልይዝ ደግሞ ከዚህ አልነቃነቅም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ ዛሬ ደግሞ የሚሉኝ ሁሉ አልገጠመልኝም።

አስናቀ፦ በቃ በይጃት።

ጦይባ፦ ምን አሉ?

አስናቀ፦ አሁኑኑ በይጃት። እኔ እይዝልሻለሁ። ከዚያ ጭነናት አብረን እንሄዳለን፤ እኔም አልቀርም።

ጦይባ፦ ሳልለካው?

አስናቀ፦ ባለፈው በለካሽው ይሁን።

ጦይባ፦ ቲቸር፣ ሳይለካ አይበየድም ያሉኝ እርስዎ ነዎት።

አስናቀ፦ እኔ ነኝ።

ጦይባ፦ ልኩ ቢለወጥስ?

አስናቀ፦ ኤሌክትሮዱን አንሺ።

ጦይባ፦ ልኩ ቢለወጥስ አልኩ? ጭንብሉን አውልቀው ይንገሩኝ።

አስናቀ፦ ይኸው አወለቅሁት። ቤት ሳትደርሺ እንዳልነግርሽ ተለምኜ ነበር። ልኩ ከእንግዲህ አይለወጥም፣ ልጄ።

ጦይባ፦ ለከፈኑ ነው የለካሁት በሉኛ።