ጋሼ አምደሚካኤል የደበቁት ዱቄት

በሁዳዴ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ በስደት በምንኖርበት ከተማ ታርኔት የሚባለው ሰፈር ባቡር ጣቢያ ብደርስ ባቡር የለም። ሐዲዱ ይጠገናልና ባስ ጠብቁ ተባልን። እያጉረመረምኩ አግዳሚው ላይ ቁጭ ስል፣ አጠገቤ ያሉት ሽማግሌ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ጋሼ አምደሚካኤል ኖረዋል። ያራቪል ሰፈር ባለ ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ዓመት ቆመው ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ግንባራቸውን ላብ አጥምቆታል፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል።

«ምነው ጋሼ፣ አመመዎት?»

«ምንም አይደል መምህር፤ ጾሙ ነው» አሉኝ።

«ዛሬ እኮ ቅዳሜ ነው። ቁርስ አልቀመሱም?»

ላባቸውን በእጃቸው ጠረጉ። ስሰብክ የኖርኩ ሰው ነኝና ምክሬን ልጀምር አፌን ስከፍት፣ አብራን ባስ የምትጠብቀው ጎረቤቴ ሂዊ ቀደመችኝ። ፉትስክሬይ ሰፈር ፋርማሲስት ሆና የምትሠራ፣ የጴንጤዎች ልጅ ናት። ከቦርሳዋ ጁስ አውጥታ ከፈተችላቸው።

«ጋሼ፣ ስኳር አለብዎት መሰለኝ፤ ወርዶብዎታል። ይጠጡት፤ ብርቱካን ብቻ ነው፣ ጾም አይሽርም።»

ጠጡ። ጥቂት ቆይቶ መንቀጥቀጡ ቀነሰ።

«ከስኳር ኪኒኑ ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ?» አለቻቸው።

ግራ ቀኝ አይተው ከኮታቸው ኪስ ዱቄት ያለበት ትንሽ ብልቃጥ አወጡ። «እዚሁ ታርኔት ያለች ህንዳዊት ሐኪም ናት የሰጠችኝ። የአገራቸው የጥንት ሕክምና ነው፤ አዩርቬዳ ይሉታል። ጉልበቴን በሞቀ ዘይት ታሸዋለች። እግሬን ደግሞ ነርቩ እንደ እሳት ስለሚለበልበኝ ይህን ጨመረችልኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ለውጥ አለው።»

«ጂፒዎ፣ የዘወትር ሐኪምዎ፣ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«እሷስ የስኳር ኪኒን እንደሚወስዱ ታውቃለች?»

«ጠይቃኝ ነበር። ምንም አልወስድም አልኳት።»

«ለምን ጋሼ?»

«መድኃኒት ይወራል እንዴ ልጄ! አባቴ መድኃኒት አዋቂ ነበሩ። ሥሩን ሊምሱ ሲወጡ መንገድ ላይ ሰው አያናግሩም። የተቀበለውም ካወራው ይረክሳል፤ ኃይሉ ይጠፋል።»

እኔም በዚህ ልማድ ያደግሁ ስለሆንኩ ለመሳቅ ድፍረቱ አልነበረኝም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ?» አለች ሂዊ።

«በሽታውን አሉ እንጂ መድኃኒቱን መች አሉ!»

ሳቀች፤ ግን አልለቀቀቻቸውም። «አባትዎ ለበሽተኛው የሰጡትን ራሳቸው ያውቁ ነበር፤ ሌላ ሐኪም በአጠገባቸው አልነበረም። እርስዎ ግን የማይተዋወቁ ሁለት ሐኪሞች አሉዎት። አንዱ ስኳርዎን ያወርዳል። ሌላዋ የሰጠችዎት ዱቄትም ሊያወርድ ይችላል። እንዲህ ካሉት ዱቄቶች እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት የተገኘባቸውም አሉ። ሳይመረመር እንዴት ይዋጣል?»

ጋሼ አምደሚካኤል ብልቃጡን ጨበጥ አደረጉ። «ብነግረው ተው ይለኛላ!» አሉ። ለካ ከልማዱ በስተጀርባ ያለው ነገር ይህ ነበር። «ሦስት ዓመት ሙሉ ስቅለትን ወንበር ላይ ተቀምጬ አሳለፍኩ። ሕዝቡ ሲወድቅ ሲነሳ እኔ ጀርባውን አያለሁ። ስደት ላይ ሆኜ፣ መጠለያ ድንኳን ውስጥ ሆኜ እንኳ ሰግጃለሁ። ግንባሬ መሬት ይናፍቀዋል ልጄ። አንዴ ብቻ፤ ሌላ ምን ቀረኝ?»

ሂዊ ጎንበስ ብላ እጃቸውን ያዘች። የእሷ ቤተ ክርስቲያን እንዲህ አይሰግድም፤ ናፍቆቱ ግን ገብቷታል። «ዱቄቱን ያቁሙ ሊልዎት ይችላል፤ አልዋሽዎትም። ዘይቱንና መታሸቱን ግን የሚከለክልዎት አይመስለኝም። ዛሬ ባናገኝዎት ኖሮ ወድቀው ዳሌዎ ቢሰበርስ? እንኳን ለመስገድ ለመቆምም አይበቁም።»

ባሱ መጣ። አልተነሱም። ስልካቸውን አውጥተው ክሊኒኩ ጋ ደወሉ፤ በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ ሰልፈኛው ሁሉ እየሰማ፣ «ለዶክተሩ ያልነገርኩት መድኃኒት አለ» አሉ። 

«ጸሐፊዋ ለሰኞ ቀጠሮ ቡክ አደረገችልኝ» አሉና ብልቃጡን ለሂዊ ሰጧት። «እስከዚያ አንቺ ያዢው። እኔ ጋ ከሆነ እፈተናለሁ።»

ሰኞ ዕለት ሐኪሙ አልተቆጣም። ዱቄቱን አስቆማቸው፤ ኪኒኑን አስተካከለ፤ ለነርቩ ሌላ መድኃኒት ሰጣቸው። ህንዳዊቷም፣ «ይህን ነግረውኝ ቢሆን ኖሮ ዱቄቱን ባልሰጠሁዎት» ብላ ማሸቱን ቀጠለች፤ ወንበር ይዘው የሚሠሩትን የጉልበት እንቅስቃሴም አስተማረቻቸው። ሁለቱ ሐኪሞች ደብዳቤ ይጻጻፋሉ። ሕመሙ ጨርሶ አልለቀቃቸውም። ይሁን እንጂ አሁን ይተኛሉ፤ ደረጃ ይወጣሉ፤ መንቀጥቀጡም ተመልሶ አልመጣም። እንግዲህ አንባቢዬ፣ የአገርህንም ሆነ የሰው አገር መድኃኒት ስትወስድ ለሐኪምህ ተናገር። ጋሼ ባይናገሩ ኖሮ ያ ሁሉ ተስፋ ከእሳቸው ጋር አስፋልት ላይ በወደቀ ነበር።

የስቅለት ዕለት ከኋላቸው ቆሜ ነበር። የወንበሩን መደገፊያ ይዘው አንዱን ጉልበት፣ ቀጥሎ ሌላውን አወረዱ። ከዚያ ግንባራቸው ምንጣፉን ነካ። ሕዝቡ ተነሳ፤ እሳቸው አልተነሱም። ሕዝቡ ደግሞ ሰግዶ ተነሳ። ደንግጬ ሮጥኩና ብብታቸው ሥር እጄን አስገባሁ።

«ተወኝ መምህር» አሉኝ ቀና ሳይሉ፤ «ትንሽ ልቆይበት።»