ሠላሳ ስምንት ተማሪ የጫነችው የዳቦ መኪና

የተጠርጣሪ ቃል
ስም፦ በሰፈሩ «ፍሬን የለሽ» የምትባለው
ዕድሜ፦ 43
ሥራ፦ የዳቦ ማከፋፈያ መኪና ሹፌር
አድራሻ፦ ከከተማው ዳር፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ማክሰኞ ጠዋት

ቃሌን የምሰጠው ማንም ሳያስገድደኝ ነው። ቅጽል ስሜ የወጣልኝ ለአፌ እንጂ ለመኪናዬ እንዳልሆነ አስቀድሞ እንዲመዘገብልኝ እጠይቃለሁ።

ዛሬ በሰፈራችን ትምህርት ቤት የተማሪ ቆጠራ ነበር። የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ የዓመቱን በጀት የሚመድበው በዚህ ቀን ደወል ሲደወል ክፍል ውስጥ በተገኘው ልጅ ልክ ነው። የዘገየ ልጅ እንዳልተወለደ ይቆጠራል። ዓምና ቁጥሩ ስላነሰ የሳይንስ መምህሩ ተቀነሰ፤ የሁለት ክፍል ጣሪያም እስካሁን ያፈሳል። ዘንድሮም ካነሰ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል ተብሏል። አራተኛ ክፍል የምትማር ልጅ አለችኝ። ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ አውራ ጎዳናውን ተሻግራ ልትማር ነው። እኔ በሕይወት እያለሁ ይሄ አይሆንም!

ደወሉ የሚደወለው ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ሩብ ጉዳይ ሲሆን ዳቦ ለማውረድ ከደንበኛዬ ከባለሱቁ ደጅ ስቆም የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ መንገድ ዳር ተገትሮ አየሁት። የጥገና በጀት ካጣ ቆይቷል። ሹፌሩ «ዛሬስ ጨርሶ እምቢ አለ፣ እህቴ» አለኝ። ሠላሳ ስምንት ልጆች፣ ልጄን ጨምሮ፣ መንገዱ ዳር ፈሰዋል። በእግር ግማሽ ሰዓት ያስኬዳል። ደሜ ፈላ። ዳቦውን ከነሳጥኑ ባለሱቁ ደጅ አራገፍኩና «ግቡ ልጆች!» አልኩ። ባለሱቁ «ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ ይሄን ሁሉ ዳቦ ማን ይበላዋል?» እያለ ጮኸ። አልሰማሁም አልልም፤ ሰምቼዋለሁ።

አደባባዩ ላይ ትራፊክ ፖሊሱ ፊሽካ ነፋ። አልቆምኩም። ሞተሩን አስነስቶ ከሩቅ ተከተለኝ። ልጆቹ ከኋላ በተዘጋው የመኪናው ሳጥን ውስጥ ሆነው «ንጂው! ንጂው!» ይላሉ። እውነቱን ለመናገር፣ መሪ ከጨበጥኩ ጀምሮ እንደዛሬ ደስ ብሎኝ ነድቼ አላውቅም! ግቢው ስደርስ ልጆቹ ዱቄት በዱቄት ሆነው ወደየክፍላቸው በረሩ። ርዕሰ መምህሯ «እሰይ የኔ እናት!» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ትራፊኩ ደርሶ መኪናውን ከፍቶ ቢያይ ባዶ ነው። ቁልፌን ሲቀበለኝ ደወሉ ተደወለ።

ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ የመጣው ቆጣሪ ግን ከደወሉ በኋላ ክፍል ለክፍል ሲዞር አውቶቡሱ መበላሸቱን ሰምቶ፣ «እነዚህ በእግራቸው ከደወል በኋላ የገቡ ናቸው፤ አልቆጥርም» አለ፤ ርዕሰ መምህሯ ብትምልም አላመናትም። ትራፊኩም መኪናዬን ባዶ ማግኘቱን እንጂ ልጅ ማየቱን አልመሰከረም።

አሠሪዬ የዳቦ ቤቱ ባለቤት እዚህ ጣቢያ በር ላይ ጠብቆኝ፣ «ባዶ ነበር በይ። ባለመቆምሽ ትቀጪና ያልቃል። ልጅ ጭኛለሁ ካልሽ መንጃ ፈቃድሽ ይወሰዳል፤ እኔም ሌላ ሹፌር እቀጥራለሁ» ሲል መክሮኛል። ደግ ሰው ነው፤ ለእንጀራዬ አስቦ ነው።

ሆኖም ባዶ አልነበረም። ባዶ ነበር ካልኩ ልጆቹ በእግራቸው ዘግይተው ገቡ ማለት ነው። ሠላሳ ስምንት ልጅ በዕቃ መኪና ጭኜ ግቢው ድረስ አድርሻለሁ። ትራፊኩ ከደወል በፊት ሳጥኑን ባዶ ያገኘው ልጆቹ ክፍል ስለገቡ ነው። የዚህ ቃል ግልባጭ ዛሬውኑ ለቆጣሪው እንዲደርስልኝ እጠይቃለሁ።

መርማሪው ይህ ቃል መንጃ ፈቃዴን እንደሚያሳጣኝ ደጋግመው አስረድተውኛል። «ገብቶኛል ጌታዬ፤ ብቻ ይጻፉት» ብያለሁ።

የተጻፈው ተነቦልኝ የራሴ ቃል መሆኑን አረጋግጫለሁ። እውነት ነው፤ አንዲት ቃል እንዳትሰረዝብኝ።

የቃል ሰጪዋ ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________