ዝንጀሮው የገነጠለው ስፖኪዮ

«አልጽፍም አልኩ፣ አልጽፍም!»

ከሴቻ ወደ ሲቀላ በሚወርደው ታክሲ ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጠችው ሴትዮ ይህን ብላ ስልኩን ዘጋችው። አጠገቧ ያለው ሰውዬ አላስቻለውም።

«ምነው እህቴ፣ በሰላም?»

«ኢንሹራንሶች ናቸው። መኪናዬን ቸርች ግቢ አቁሜ ዝንጀሮ ስፖኪዮዬን ገነጠለብኝ።»

«መስታወቱ ውስጥ ራሱን አይቶ ነዋ! ሌላ ወንድ የመጣበት ይመስለዋል። ስፖኪዮው እንዳይታየው ካልሲ አላጠለቅሽለትም እንዴ?»

«ሁልጊዜ አጠልቅለታለሁ። የዛን ቀን ካልሲውን አጥቤ አስጥቼ ነበር።»

ሰውዬው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

«ታዲያ አንከፍልም አሉ?»

«ዝንጀሮ ውላችን ላይ የለም አሉኝ። ‹ሌባ ነው ብለሽ ጻፊና እንጨርስልሽ› ይሉኛል።»

«ጻፊላቸዋ! ዝንጀሮው አይከስሽ።»

«የቸርቹ ዘበኛ ሽማግሌውስ? ሌባ ገባ ካልኩ መጀመሪያ ማንን የሚይዙ ይመስልሃል?»

«ኧረ ሽማግሌውን ማን ይይዛል?»

«ባይይዙትም ከሥራ ይባረራል። እኔ ጋ ደግሞ እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ ነው የመጣው። ዝንጀሮውን ከመኪናዬ ሲያባርር ነክሶት! እሱን ሌባ አስገባ ልበል?»

«እና ምን ልታደርጊ ነው?»

«ዝንጀሮ ብዬ ጽፌያለሁ። ቢመልሱትም ደግሜ ዝንጀሮ ብዬ እጽፋለሁ። አሁንም እነሱው ጋ እየሄድኩ ነው። ስፖኪዮውን ይኸው ይዤዋለሁ፣ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጬ የጥርሱን ምልክት አሳያቸዋለሁ!»

አንገቴ ላይ የተንጠለጠለውን የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤቴን ባጅ ቀስ ብዬ ሸሚዜ ውስጥ ከተትኩት።