ዳኛው ደብረ ብርሃን፣ ባለጉዳዩ ሞላሌ

«ሳጥን ፊት ቆሜ አልሟገትም አልኩሽ!» አሉ አቶ ፈንታ፣ በመቀነታቸው የሸጎጡትን የመሬት ደብተር በመዳፋቸው እንደ ሸፈኑ። «ዳኛ ማለት ዓይን ለዓይን ተያይቶ የሚፈርድ ነው።»

«እኔስ ተያዩ አይደል የምለው፣ አባባ?» አለች እስከዳር፣ የሞላሌ ወረዳ ጽሕፈት ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ፣ ኮምፒውተሩን ወደ እሳቸው እያዞረች።

አቶ ፈንታ የገብስ ማሳቸውን በጎረቤታቸው በገሠሠ ተረትተው ይግባኝ ብለዋል። ቀጠሮው ደብረ ብርሃን ፍርድ ቤት ዛሬ ስምንት ሰዓት ነው። ዛሬ እግድ ካላገኙ ገሠሠ ነገ በማለዳ የደረሰውን ገብስ ያጭደዋል። የደብረ ብርሃኑ አውቶቡስ ደግሞ ገና ጎሕ ሲቀድ ሄዷል።

«ድምፅ በስልክ፣ ወረቀት በፖስታ፣ ሰው በእግሩ ይሄዳል። ሦስቱ በአንድ መስመር ይሄዳሉ ብትዪ ግን እንኳን እኔ በቅሎዬም አታምንሽ።»

«በቅሎዎ ቀጠሮ የለባትም» አለች እስከዳር ሳቋን እያፈነች። «ድሮ ለየብቻ ይሄዱ ነበር፤ እውነትዎን ነው። አሁን በኢንተርኔት አብረው ይሄዳሉ። ቅዳሜ ገበያ ሲወጡስ በጉም፣ ገብሱም፣ ሰዉም በአንድ መንገድ አይደል?»

«መንገድ ላይ የቀረም አለ! የወንድሜን የውርስ ወረቀት ሰው አደርስልሃለሁ ብሎ ወስዶ ይኸው ቀረ። እኔስ የተረታሁት ይህን ደብተር ከእጄ አላወጣም ብዬ አይደል?»

«ዛሬም አያውጡት። ራስዎ ይዘው እዚህ ስካነሩ መስታወት ላይ ያስተኙት። የሚሄደው መልኩ ነው።»

ሽማግሌው መስታወቱን ጎንበስ ብለው መረመሩ። «እኔው ይዤው?»

«እርስዎው ይዘውት።»

ስምንት ሰዓት ሲሆን ዳኛው በኮምፒውተሩ መስኮት ላይ ብቅ አሉ። አቶ ፈንታ ጋቢያቸውን አደግድገው እጅ ነሱ።

«ደብተሩ ደርሶኛል፣ አባት» አሉ ዳኛው። «ጥግ ላይ ያለው አውራ ጣትም የእርስዎ ነው መሰለኝ።»

«እንዳይሄድብኝ ነው፣ ጌታዬ!»

ዳኛውም ሳቁ። ከዚያ ግን አቶ ፈንታ ድንበሩን ከወይራው እስከ ጅረቱ፣ ከአያት እስከ ልጅ ቆጥረው፣ ያለ ጠበቃ ተሟገቱ። ይግባኙ እስኪወሰን ማሳው በይዞታቸው ይቆይ የሚለው እግድ፣ ማኅተም እንዳረፈበት በዚያው መስመር መጥቶ ከማተሚያው ወጣ። የሁለት ቀን መንገድ፣ የከተማ አዳርና የአደራ ወረቀት ስጋት በአንድ ሰዓት ተቃለለ። ድሃ ከርቀት የተነሣ የሚያጣው ፍርድ ብዙ ነውና፣ እንዲህ ያለውን መስመር መናቅ የገዛ መብትን መናቅ ነው።

በር ላይ የቆሙት ባለጉዳዮች ይህን ሲያዩ እስከዳርን ከበቧት። «የእኔስ ጉዳይ?» «አዲስ አበባስ ይደርሳል?» እያሉ በአንድ አፍ ሲጠይቋት፣ አቶ ፈንታ እግዱን ከደብተሩ ጋር አጥፈው ሸጎጡ፤ በቅሏቸውን ፈትተው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ለነገ አጫጅ ለመጥራት ቁልቁል ወረዱ።