ጉድጓዱ ውስጥ ያየነው ነጭ አፈር

እኔ የጂኦሎጂ መምህር ነኝ። "የስምጥ ሸለቆው የመሬት ስንጥቅ ያለው ታች አባያ ሐይቅ ጋ ነው፣ ዲላን አይነካም" እያልኩ ስንት ዓመት አስተምሬአለሁ። ባለፈው፣ እዚሁ ዲላ ቤት ልሠራ ብዬ የሽንት ቤት ጉድጓድ ሳስቆፍር፣ ቆፋሪው ጋሽ በየነ ከታች ሆነው፣ "መምህር፣ ይሄ ነጭ አፈር በዚህ በኩል ጉልበቴ ጋ ነው፣ በዚያ በኩል ደረቴ ጋ" አሉኝ።

ወርጄ አየሁት። ነጩ የድሮ እሳተ ገሞራ አመድ ነው፤ መሬት ሲንቀጠቀጥ እኩሌታው ቁልቁል ወርዷል። በቅርብ ዘመን የተፈጠረው የላዩ ጥቁር አፈር ሳይቀር ተቆርጧል። ስለዚህ ነገሩ የቅርብ ነው፤ ሊደገም ይችላል። "እዚህ ቤት አልሠራም" አልኩ። ጋሽ በየነ የተቆረጠበትን አቅጣጫ በዓይናቸው ተከትለው፣ "ይሄ እኮ ወደኔ ቤት ነው የሚሄደው" አሉ። አይደለም ልላቸው ቃጣኝ። በማግስቱ ስንጥቁ በቤታቸው ሥር ማለፍ አለማለፉን ለማየት እሳቸው ጓሮ ቁፋሮ ጀመርን፤ ዶማውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ።