የተላጨው አንገት

«አታቋርጠኝ ጫኔ! አንዴ አታቋርጠኝ አልኩህ! ልጆቹም ይስሙ፣ ጎረቤቱም ይስማ!» አሉ አባባ ውብነህ፤ ከዚያ ወደ እኛ ዞሩ።

«በእኛ ጊዜ እኮ ልጆቼ፣ መቀናጆ መሐላ ነበር። እኔም አንድ በሬ አለኝ፣ እሱም አንድ በሬ አለው፣ እናጣምድና የእኔንም የእሱንም እናርሳለን፤ በሬው ካመመው ባለቤቱ ሳይጠየቅ ይናገራል። የአሁኑን ግን ስሙልኝ። ያ አፍና ሰኮና የሚያቆስለው በሽታ፣ አፍተ ግር፣ ገባ ተባለ፣ ታዲያ የከብት ሐኪሟ ከዳባት መጣችና ‹ደማቸው ሳይመረመር ከብት ከከብት እንዳታቀላቅሉ› አለች። እኔ በሬዬን ቦራን ይዤ ወረድኩ፣ ቀንዱን ያዝኩላት፣ አንገቱን ላጭታ ደሙን ቀዳች፣ እና ሰንበት ብላ ‹አባባ፣ በሬዎ ንጹሕ ነው› አለችኝ።

ታዲያ ይሄ አበልጄ፣ ልጄን ክርስትና ያነሳው ሰው፣ በሬውን እየነዳ መጣ። ‹ያንተስ ተመረመረ ወይ?› አልኩት። ምን እንዳለኝ ታውቃላችሁ? ‹ኧረ አበልጄ! አንገቱን አታየውም እንዴ? ያንተም ንጹሕ የእኔም ንጹሕ፣ መድኃኔዓለም ይመስገን!› አየሁ፣ እውነትም ተላጭቷል፤ አመንኩ፣ እና ጠመድን። ቦራ ሳይሰነብት ልሃጩ ተዝረበረበ፣ ሰኮናው ቆሰለ፣ ተኛ። ይኸው ሣር ማኘክ አቅቶት የገብስ ዱቄት በዚህ ጣሳ በጥብጬ እንደ ሕፃን እግተዋለሁ! ሐኪሟ መጣችና ‹ከማን በሬ ጋር ጠመዱት?› አለችኝ። ‹ከጫኔ።› ‹የአባባ ጫኔን በሬማ ደሙን አልወሰድንም፤ በሊማሊሞ ወደ አዲ አርቃይ ነድተውታል ተብለን ነበር።› እና አንገቱን ማን ላጨው? ማን?»

«ቀንበሩ ልጦት ነው» አሉ አያ ጫኔ፣ መሬት መሬቱን እያዩ።

«ቀንበር! ሰማችሁልኝ? ቀንበር ጉሮሮ ሥር ነው እንዴ የሚቀመጠው? ቀንበር እንደ ምላጭ ይላጫል? ስማ ጫኔ፣ ካሳ አልጠየቅኩህም። ማሳዬ ጦሙን ሊያድር ነው፣ እሱንም ተወው። አንዲት ቃል! ‹እኔ ነኝ› በል!»

«እኔ ነኝ!» ብለው ጮኹ አያ ጫኔ፣ ብድግ አሉና። «የላጨሁት እኔ ነኝ! በሽታ ቢያገኙበት ደባርቅ ገበያ አያስገቡኝም፤ ካልሸጥኩት ልጄን በምን ልዳር? በል፣ የእኔን በሬ ውሰደውና እረስበት!»

ሁላችንም አባባ ውብነህን አየን። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው ጣሳውን አነሱና ቦራ ወደተኛበት በረት ሄዱ።