ሳይቆለፍ የተላከው ጽሑፍ

ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡት ወጣት መምህርትና አንድ አረጋዊ መሪጌታ ገና መተዋወቃቸው ነበር። እርሷ በትርፍ ጊዜዋ መጣጥፍ እየጻፈች ለድረ ገጾች እንደምትሸጥ ነገረቻቸው።

«ታዲያ ዛሬ ምን አስደሰተሽ፣ ልጄ?»

«ሁለት ጊዜ የተመለሰብኝ ጽሑፍ ወጣልኝ፣ የኔታ።»

«ምን ብለው መለሱት?»

«መጀመሪያ ማንም እንዳይነካብኝ በፒዲኤፍ አድርጌ በይለፍ ቃል ቆለፍሁት።»

«ደግ አደረግሽ።»

«አዘጋጁ ግን ‹የምናርመውን ላኪ፣ አለዚያ ርእሱን ለሌላ ጸሐፊ እንሰጠዋለን› አለኝ። ሊታረም በሚችለው በወርድ ብልክለት ደግሞ በእርሱ ኮምፒውተር ፊደሉ ሁሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ታየ።»

«ጉድ ፈላ በይኛ።»

«የፊደሉን ዓይነት በየትኛውም ኮምፒውተር በሚነበበው ቀየርሁና፣ ወርዱን ለእርማት፣ ፒዲኤፉን ለማመሳከሪያ አድርጌ ሁለቱንም ላክሁ።»

«ቆልፈሽ?»

«ሳልቆልፍ።»

«እኔ ብሆን እንደ ቆለፍሁት እቀር ነበር። ታዲያ ስንቱን ቃል ለወጡብሽ?»

«አንድም አልለወጡም፣ የኔታ። ሌላ ሦስት መጣጥፍም አዘዙኝ።»

ሞጣ እስክንደርስ ድረስ፣ የዘመናት ጽሑፌን የያዘውንና ለማንም ሰጥቼው የማላውቀውን ፍላሽ በኪሴ ውስጥ ጨብጬ ተቀመጥሁ።